ሙሉ በርሜል

የሽታሁን ሬሳ በመጋዘኑ በር ሥር፣ የሲስተር ሀብትነሽን ብርድ ልብስ ለብሶ ተጋድሟል። ጀልባ ነጂው ባየ ከአጠገቡ የተደፋ ጀሪካን ላይ ተቀምጧል። ሬሳውን ጠብቅ ያለው የለም። አጠገቡ ባለው አዳራሽ ካሉት ሰዎች ዓይን ይልቅ የሬሳው ዝምታ ስለሚቀለው ነው።

የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ከፊት ዓባይ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ከኋላ ገደሉ ነው። ወደ ሞጣ የምታወጣው አንዲት መንገድ በገደሉ ወገብ ላይ እየተጠማዘዘች ትሄዳለች። የሸንበቆ መሻገሪያ ሰዎች ክረምቱን የሚያሳልፉት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ዘንድሮ ደግሞ ባየ ከሁለቱም የባሰ ነገር ነበረበት፤ የጥቅምት ቀጠሮ።

ክሱ አጭር ነው። ባለፈው ኅዳር ምጥ የያዛትን ጥሩአየሁን ከማዶ ሲያሻግር ሞተሩን ከድንጋይ ጋር አጋጭቶ አበላሸ፤ ጀልባዋ መሀል ወንዝ ላይ ቆመች፤ ውሃው ወስዶ ገለበጣት፤ ጥሩአየሁ ሞተች። ሞተሩ ጸጥ ሲል ባየ ግጭት አልሰማም ነበር። ሰው ሁሉ «ድንጋይ ነው» ሲለው ግን ቀስ በቀስ እሱም የሰማ መሰለው።

ሽታሁን ቢቸና ላይ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነበር። የጀልባው ማኅበር የጠራው በተበላሸው ሞተር ምትክ ለጠፍጣፋዋ ጀልባ የሚስማማ እንዲመርጥ ነው። ሁለት ሞተር ቀርቦለታል። አንዱ እንደ አሮጌው ባለ ፕሮፔለር ነው። ሌላው ፕሮፔለር የለውም፤ ከሥሩ ውሃ ስቦ ወደ ኋላ ይተፋል፤ ጀት ይሉታል። ሁለቱንም ከባሕር ዳር ያመጣቸው ፋንታ የሚባል ሻጭ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሽታሁን ወደ መጋዘኑ ገባ፤ ሞቶ ተገኘ። የጤና ኬላዋ ሲስተር ሀብትነሽ በስልኳ በቀረችው ጥቂት ባትሪ ለሞጣ ፖሊስ ደወለች።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ጃንጥላዋ የተሰበረ፣ ቦት ጫማዋ እስከ ጉልበት ጭቃ የሆነ ሴትዮ ከዝናቡ ውስጥ ወጣች።

«ኢንስፔክተር ፀሐይነሽ እባላለሁ። መንገዱ ከኋላዬ ተናደ፤ መኪናውም ባልደረባዬም ከላይ ቀሩ። ማሽን መጥቶ እስኪጠርገው ድረስ ወጪም ገቢም የለም።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?» አለ ፋንታ ከአዳራሹ ተከትሏት መጥቶ።

«የሚያስቸኩልህ ነገር አለ?»

ሲስተር ሀብትነሽና የመጋዘኑ ኃላፊ አያ ስጦታውም መጡ። ባየ በልቡ ቆጠረ። እሷን ጨምሮ አምስት ሰዎች፣ አንድ ሬሳ፣ አንድ የማይሻገሩት ወንዝ።

ፀሐይነሽ ተንበርክካ ብርድ ልብሱን ገለጠች። «ሲስተር፣ ምን ገደለው ትያለሽ?»

«ጭስ ነው። ከንፈሩን ይዩት፣ ቀልቷል። ቤት ዘግተው ከሰል ያነደዱ ሰዎችም እንዲህ ነው የሚሆኑት።»

«መጨረሻ ያየው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አያ ስጦታው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሐዘንተኛ ይመስላሉ። «ይኸው ይህን ጀት የውሃ በርሜሉ ላይ እንደተሰቀለ ሊሞክረው ነበር። ገመዱን ሳበ፣ ሞተሩ ተነሣ፣ ዓይኔ እያየ! ዝናቡ ገባብኝ ብሎ በሩን ዘጋው። ‹ተው አንተ ልጅ፣ ጭሱ!› ብዬው ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አዳራሽ ገብቼ ከእነሲስተር ጋር ተቀመጥሁ። ሞተሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ጮኸና ቆመ። ቆይቼ ሻይ ይዤለት ብሄድ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

«እውነት ነው» አለች ሲስተር ሀብትነሽ። «ሞተሩ ሲቆም አያ ስጦታው ከእኛው ጋር ነበሩ።»

«በሩስ እንዴት ነበር?»

«ገርበብ ብሎ ነበር» አሉ አያ ስጦታው። « ገፋ ሳደርገው ተከፈተ።»

ፀሐይነሽ የሟቹን ቀኝ እጅ አነሣች። ጥፍሮቹ ተሰባብረዋል፤ ጣቶቹ ደም ለብሰዋል። ቀጥላ በሩን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ውስጡን አሳየች። ቆርቆሮው ላይ፣ ከመሬት ክንድ በማይሞላ ከፍታ፣ የጭረት መስመሮች ይታያሉ።

«ገፋ ሲያደርጉት በሚከፈት በር ላይ ሰው ጥፍሩን አይሰብርም» አለች።

አያ ስጦታው ጎንበስ ብለው ጭረቶቹን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አግብተው ሰማያዊ ገመድ አወጡ።

«ልጆች ስላሉት አዝኜለት ነው የደበቅሁት። የበሩ ማንጠልጠያ ከውጭ በዚህ ታስሮ ነው ያገኘሁት።»

ገመዱን ሁሉም ያውቀዋል። ባየ ጀልባዋን የሚያስርበት ነው።

«እናንተ ሰዎች!» አለ ባየ ከጀሪካኑ ላይ ተነሥቶ።

«ትናንት የት ነበርክ?» አለችው ፀሐይነሽ።

«ወንዝ ዳር። ውሃው ጀልባዋን እንዳይወስዳት ወደ ላይ ስጎትት ነበር።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

ፋንታ ጉሮሮውን ጠረገ። «መናገር ስለሚገባኝ ነው እንጂ… ከትናንት ወዲያ በሁላችንም ፊት ሽታሁንን ‹ይኼን ማሽን ጀልባዬ ላይ ከገጠምክ እኔና አንተ አንድ አገር አንኖርም› ብሎታል።»

«ብለሃል?»

«ብያለሁ» አለ ባየ።

ፀሐይነሽ ካቴና አወጣችና ግራ እጁን ከመጋዘኑ ምሰሶ ጋር አሰረችው። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። ባየ የገረመው መታሰሩ አልነበረም፤ ክንዱ ካቴናውን እንደለመደው ነገር መቀበሉ ነው። ለካስ ዓመቱን ሙሉ ታስሮ ኖሯል።

ሦስቱን ወደ አዳራሽ ከላከች በኋላ ሬሳው አጠገብ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«እኔ የሞተር ነገር አላውቅም፣ ባየ። እስቲ ሞተር ምረጥልኝ።»

«ታስሬ?»

«አፍህ አልታሰረም።»

ቀና ብሎ አያት። እየቀለደች አልነበረም። «ባለ ፕሮፔለሩን አውቀዋለሁ» አለ። «ድንጋይ ቢመታ ፕሮፔለሩን የያዘችው ፒን ትሰበራለች፤ ፒን ቀይሬ እሄዳለሁ። ጀቱ ከጉልበቱ ሲሶው በከንቱ ይቀርበታል። ቤንዚን ይጠጣል። ጠጠር ከሳበ ደግሞ አለቀለት።»

«ሽታሁንስ ምን ይል ነበር?»

«‹ጥር ሲደርስ መሻገሪያው ላይ አለቱ ይወጣል፤ ስንዝር በምታህል ውሃ የሚያልፍ ጀቱ ብቻ ነው› ይል ነበር።»

«ማንኛችሁ ነበራችሁ ልክ?»

ባየ ብርድ ልብሱን አየ። «እሱ» አለ።

«ታዲያ ምን አጣላችሁ?»

«ፈራሁ። የማላውቀውን ሞተር ይዤ ዳግመኛ ሰው ልፍጅ? ይኸው ነው።»

ፀሐይነሽ ተነሥታ ወደ በርሜሉ ሄደች። ውሃው እስከ አፉ ሞልቷል። ጣቷን ነከር አድርጋ አወጣች። በርሜሉን ተጠግተው የተደረደሩትን የሲሚንቶ ከረጢቶች በመዳፏ ጠረገች፤ መዳፏ ደረቅ አቧራ ሆነ። ፋንታን ጠርታ ጀቱን ከበርሜሉ አውርዶ እንዲያጋድምላት ጠየቀችው። እያቃሰተ አወረደው።

«በርሜሉ ላይ ማን ሰቀለው?»

«ትናንት ጠዋት እኔና አያ ስጦታው ነን። እዚህ ሞተር የሚሞከረው በርሜል ውስጥ ነው አሉኝ። ውሃውንም እሳቸው ናቸው በጀሪካን የሞሉት።»

«ሽታሁን ምን አለ?»

«አያ ስጦታው ለውሃ ወርደው ሳለ መጣ። አየውና ሳቀ።»

«ሳቀ?»

«እንዴት ያለ ሳቅ! ከዚያ ምንም ሳይል ወደ አሮጌው ሞተር ተመለሰ። ሁለት ቀን ሙሉ አሮጌውን ፈታቶ ሲያይ ነበር። ‹ወንድሜ፣ አዲስ ምረጥ ተብለህ አሮጌ ምን ታያለህ?› ብለው ‹በሽታውን ሳላውቅ መድኃኒት አልመርጥም› አለኝ።»

«አንተ ይህን ጀት አስነሥተህ ታውቃለህ?»

«እኔ ሻጭ ነኝ፣ እመቤቴ።»

«መመሪያውንስ አንብበኸዋል?»

«በቻይንኛ ነው» አለ ፋንታ፣ እፍረት ይዞት። «የስድስት ወር ዋስትና ግን አለው።»

ባየ ሳቁ መጣበት፤ በዚያ ቀን መሳቁ ራሱ አስደነገጠው።

ፀሐይነሽ የጀቱን እጀታ መሀል ላይ አደረገችው። «ይህ ዜሮ ማርሽ ነው አይደል? በል ማስነሻው ተዘግቶ እንዳለ ገመዱን ሳበው።» ፋንታ ሳበ። እሷ በደረቷ ተኝታ ውሃ መሳቢያውን በባትሪ ታበራለች። «ድገመው።» ደገመ። ከዚያ ወደ ባለ ፕሮፔለሩ ዞራ እንዲሁ አስደረገችው። ፕሮፔለሩ ንቅንቅ አላለም። «እህ» አለች፣ ለራሷ።

«ሌላ የምታውቀው አለ?» አለችው ፋንታን።

«ስልኬ ከሞተ ሦስት ቀኑ መሆኑን ነው የማውቅ! ከጀርባ ያለው ጄኔሬተር ቤንዚን ጨረሰ ብለው አያ ስጦታው ቆልፈውበታል። መጋዘን ውስጥ ቤንዚን እያለ!»

ወደ ዝናቡ ወጣች። ባየ በቆርቆሮው ቀዳዳ ሲያይ፣ በመጋዘኑ ጀርባ ጎንበስ ቀና ስትል፣ የግድግዳውን ግርጌ በእጇ ስትዳስስ፣ ከቆሻሻ ክምር አንድ ቱቦ ጎትታ ስታወጣ አያት። ስትመለስ ጣቶቿ ጥላሸት ለብሰዋል። የሽታሁንን የደረት ኪስ ከፍታ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አወጣች። አንዱን ገጽ ገለጠች፤ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው። ከዚያ ሲስተር ሀብትነሽን ጠርታ በሹክሹክታ ጠየቀቻት። ባየ የሰማው የሲስተርን መልስ ብቻ ነው።

«አዎ፣ ትናንት ጠዋት መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ለምኖኝ ሰጥቼዋለሁ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።»

እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጀቱ ተመልሶ በርሜሉ ላይ ተሰቅሏል። ከሥራ የወጣውን አሮጌ ሞተርም ከማዕዘኑ ስባ መሀል አድርጋዋለች። ቀረበችና የባየን ካቴና ፈታች።

«ምን እያደረጉ ነው?» አሉ አያ ስጦታው።

«ሞተር የሚያስነሣልኝ እፈልጋለሁ። አያ ስጦታው፣ ትናንት እንዳዩት ሽታሁን የቆመበትን ያሳዩኝ።»

«እዚህ ጋ፣ ከበርሜሉ አጠገብ።»

«ማርሹስ?»

«ዜሮ ላይ ነዋ! በርሜል ውስጥ ማን ማርሽ ያስገባል?»

«በሩን ክፈቱት። ባየ፣ አስነሣው። በል ስልህ ወዲያው አጥፋ።»

ባየ ገመዱን ሳበ። ሞተሩ በሁለተኛው ተነሣ። በዚያው ቅጽበት በርሜሉ የፈነዳ መሰለ። ውሃው ከበርሜሉ ግድግዳ ጋር ተላትሞ ወደ ላይ ተወረወረ፤ ጣሪያውን መታ፤ የፋንታን ሸሚዝ፣ የሲስተርን ጋቢ፣ የሲሚንቶውን ከረጢቶች አለበሰ። ፋንታ ጮኸ። «በል!» አለች ፀሐይነሽ፣ ባየም አጠፋ። ዐሥር እንኳ አልተቆጠረም። በርሜሉ ከወገቡ በታች ጎድሏል፤ ሞተሩ አየር ላይ ተንጠልጥሏል።

ከጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል።

«አሮጌው ሞተር ማርሹ ዜሮ ላይ ሲሆን ፕሮፔለሩ አይዞርም» አለች ፀሐይነሽ፣ ፊቷን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ስለዚህ ቀን ሙሉ በርሜል ውስጥ ቢሮጥ ውሃው አይጎድልም። እናንተም ዘመናችሁን ሞተር የሞከራችሁት እንዲሁ ነው። ውሃ የሚገፋው የጀቱ መዘውር ግን ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ይዞራል፤ እጀታው የሚለውጠው ውሃው የሚወጣበትን አቅጣጫ ብቻ ነው። ሽታሁን ይህን ያውቃል። ጀት በርሜል ላይ ተሰቅሎ ሲያይ የሳቀው ለዚህ ነው።»

«ታዲያ…» አለች ሲስተር።

«ትናንት ይህ ሞተር እዚህ በርሜል ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሮጦ ቢሆን ኖሮ በርሜሉ ባዶ፣ ሲሚንቶው ጭቃ ይሆን ነበር። እኔ ዛሬ ስመጣ በርሜሉ ሙሉ፣ ሲሚንቶው አቧራ ነው። ጀቱ አልተነሣም። እናንተ አዳራሽ ሆናችሁ የሰማችሁት ሌላ ሞተር ነው። በቆርቆሮ ላይ ዝናብ እየወረደ ማን ይለያል? አሮጌው ሞተር ተፈታትቷል፤ ባለ ፕሮፔለሩ ገና ቤንዚን አልተቀዳበትም። የቀረው ጄኔሬተሩ ነው። ከጀርባ፣ የግድግዳው ግርጌ ላይ ቆርቆሮው ጠቁሯል። የዚህ ቱቦ አንድ ጫፍ በትኩስ ነገር ቀልጧል፤ ውስጡ ጥላሸት ነው። ጭሱን ወደዚህ ያስገባው እሱ ነው።»

«ባየም ሊያደርገው ይችላል» አሉ አያ ስጦታው። ድምፃቸው ቀጥኗል። «ሞተሩ ሲቆም እኔ አዳራሽ ነበርሁ፤ ሲስተር ምስክሬ ናት።»

«ሞተሩን ያቆመው ሰው አይደለም። ተለክቶ የተቀዳ ቤንዚን ሲያልቅ ራሱ ይቆማል። የጄኔሬተሩ ቤት ጓጉንቸር አልተሰበረም፤ ቁልፉ የማን አንገት ላይ ነው?»

ሁሉም ወደ አያ ስጦታው አንገት አየ። እጃቸው ሳያውቁት ወደ ማተባቸው ሄደ።

«ቁልፍ ሊሰረቅ ይችላል እንበል» አለች ፀሐይነሽ። «ሲስተርና ፋንታ ሞተር ሰምተናል ነው ያሉት፤ ልክ ናቸው። ባየ የዓባይ ጩኸት አጠገብ ሆኖ ምንም አልሰማሁም ባይ ነው። ጀቱ ሲነሣ ዓይኔ እያየ ነው ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው። ያልሆነ ነገር አየሁ ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ አያ ስጦታው።»

«እኔ ለዚያ ልጅ ምን ጠላትነት አለኝ?»

ፀሐይነሽ ደብተሩን ከፍታ ለባየ ሰጠችው። «አንብበው።»

ገጹ ለሁለት ተከፍሏል፤ በአንድ በኩል ስለ ፕሮፔለር፣ በሌላው ስለ ጀት ተጽፏል። ከግርጌው በእርሳስ የተሠሩ ሁለት ክቦች አሉ። በአንዱ ሥር «ከቢቸና» ይላል፤ ክቡ ውስጥ ወረቀቱ ንጹሕ ነው። በሌላው ሥር «ከመጋዘኑ» ይላል፤ ክቡ ውስጥ ወረቀቱ በቅባት ወዝቷል።

«በሲሪንጅ ቤንዚን ጠብ አድርጎበት ነው» አለች። «ጋራዥ ውስጥ የሚደረግ ነገር ነው። ንጹሕ ቤንዚን ወረቀት ላይ ተንኖ ይጠፋል። ላምባ ከተቀላቀለበት ቅባቱ ይቀራል። ሽታሁን ከቢቸና ይዞት የመጣው ንጹሕ ነው። እዚህ መጋዘን ያለው ላምባ አለበት። አያ ስጦታው ቤንዚኑን ለሌላ እየሸጡ የጎደለውን በላምባ ሲሞሉ ኖረዋል።» ወደ አሮጌው ሞተር ጎንበስ ብላ የተፈታውን ፒስተን አነሣች። አናቱ እንደ ሰም ቀልጦ ተበስቷል። «ድንጋይ የመታ ሞተር ፕሮፔለሩ ይታጠፋል፤ ፒኑ ይሰበራል። የዚህ ሁለቱም ደኅና ናቸው። ይህን ሞተር ከውስጥ ያቃጠለው ላምባ ያለበት ነዳጅ ነው።»

አያ ስጦታው በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

«ነገ ለማኅበሩ እናገራለሁ አለኝ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ሌላ ሞተር ብትገዙም በዚህ ነዳጅ ያው ነው አለኝ። ጥሩአየሁ በእኔ እጅ እንደሞተች ነገረኝ። ተው አልሁት… እንቢ አለ። ምሳ በልቶ እዚያ የሕይወት አድን ጃኬቶቹ ላይ ተኛ። ሳይነቃ ያልቃል ብዬ ነበር። በሩን ይመታል ብዬ አላሰብሁም።»

«ሰምተውታል?» አለች ሲስተር ሀብትነሽ።

በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

«ከእኛ ጋር ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር!» አለችና ፊቷን አዞረች።

ያለው ካቴና አንድ ነው። ፀሐይነሽ ከምሰሶው ፈትታ የአያ ስጦታውን እጅ አሰረችበት። መንገዱ እንደተናደ ነው፤ ዓባይም አልጎደለም። ከዚህ ሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ስንት ቀን እንደሚቆዩ የሚያውቅ የለም።

ባየ ፒስተኑን ከመሬት አንሥቶ በሁለት እጁ ይዞታል። አውራ ጣቱን በቀዳዳው ያሾልካል፣ ያወጣል።

«ኢንስፔክተር።»

«አቤት።»

«ድንጋይ አልመታሁም ማለት ነው?»

«አልመታህም፣ ባየ።»

«ምንም?»

«ምንም። ለጥቅምት እኔ ራሴ ይህን ይዤ ፍርድ ቤት እቀርባለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ። ፒስተኑን ሽታሁን አጠገብ በቀስታ አስቀመጠውና ወደ ዝናቡ ወጣ። ፋንታ «የት ልትሄድ ነው?» ሊለው አፉን ሲከፍት ፀሐይነሽ በእጇ ዝም አሰኘችው። ባየ ቁልቁል ወርዶ ወንዙ ዳር ቆመ። ጀልባዋ የዝናብ ውሃ ሞልቷታል። ጥቂት ጊዜ ማዶውን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ሱሪውን ሰብስቦ ገባና በመዳፉ ውሃውን እየጨለፈ ያወጣ ጀመር።